ቤትና ግቢ፤ ከአባቶቻችን የቤት አሠራር ምን እንማራለን?



የዛሬው ትምህርታችን ስለ ቤት ነው። ቤት የሚለው ቃል ለሁላችንም ቀላል ይመስለናል። ዳሩ ግን እዚህ ካኩማ ተወልዶ ያደገ ልጅ «ማገር ምንድን ነው?» ተብሎ ቢጠየቅ መልስ ሊያጣ ይችላል። ምርግ፣ ልጥ፣ ሰንበሌጥ፣ እርከን የሚባሉትን ቃላት በንባብ መጽሐፍ ካላገኛቸው በቀር የሚያይበት ቦታ የለውም። ወላጆቹ ግን እነዚህን ነገሮች በእጃቸው ሠርተዋቸዋል። ዕውቀቱ አልጠፋም፤ በአንድ ጣሪያ ሥር ከልጁ ጋር ይኖራል። ካልተጠየቀ ግን ከባለቤቱ ጋር ያልፋል።

ሁለተኛው ምክንያት ኑሯችን ራሱ ነው። በቆርቆሮ ቤት ውስጥ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ሕፃን ማስተኛት ምን ያህል አስቸጋሪ እንደሆነ ለእናቶች መንገር አያስፈልግም። ዝናብ ሲመጣ ደግሞ ደረቁ ወንዝ በድንገት ሞልቶ ቤት ያፈርሳል። ስለዚህ የቤት አሠራር ትምህርት ለፈተና ብቻ የሚጠና ሳይሆን ለዛሬ ኑሮ የሚጠቅም ነው።

የትምህርቱ ዓላማ

ይህን ጽሑፍ በሚገባ ያነበበ ተማሪ፤
1ኛ. አንድ ባህላዊ ቤት ለምን በዚያ ቅርጽ እንደተሠራ ማስረዳት፤
2ኛ. የዶርዜን፣ የኮንሶንና የጌዴኦን አሠራር ማነጻጸር፤
3ኛ. ነባር ጥበብን ከአዲስ ዕውቀት ጋር ያጣመሩ ሰዎችን ሥራ መግለጽ፤
4ኛ. በራሱ ቤትና ግቢ ሊደረግ የሚችል አንድ ማሻሻያ መምረጥ ይችላል።

በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሀ. የጭቃ ቤትና የክብ ሒሳብ

በደጋውና በወይና ደጋው የኢትዮጵያ ክፍል የተለመደውን የሣር ቤት እንመልከት። መጀመሪያ ቋሚ እንጨቶች በክብ ይተከላሉ። በመካከል ምሰሶ ይቆማል። ቋሚዎቹ በማገር እየተያያዙ በልጥ ይታሰራሉ። ከዚያ በኋላ ጭቃ ከጤፍ ጭድ ጋር ይቦካና ለጥቂት ቀናት ይቆያል። ጭዱ በጭቃው ውስጥ እንደ ጅማት ሆኖ ስለሚይዘው ምርጉ ሲደርቅ ብዙ አይሰነጠቅም። ጣሪያው በሰንበሌጥ ይከደናል። ክዳኑ ቀጥ ያለ ተዳፋት ያለው በመሆኑ ውሃው ሳይሰርግ ቶሎ ይወርዳል። ከምድጃው የሚነሣው ጢስ ሣሩን እያጠቆረ ከነፍሳት ይጠብቀዋል።

ቅርጹ ለምን ክብ ሆነ? ይህን በሒሳብ ልናየው እንችላለን። 20 ሜትር ርዝመት ያለው ግድግዳ ለመሥራት የሚበቃ እንጨት አለን እንበል። ቤቱ አራት ማዕዘን ቢሆንና እያንዳንዱ ጎን 5 ሜትር ቢሆን ስፋቱ 5 × 5 = 25 ካሬ ሜትር ነው። ያው 20 ሜትር ግድግዳ በክብ ቢዞር ግን የክቡ ሬዲየስ 3.18 ሜትር ገደማ ይሆናል። ስፋቱም 3.14 × 3.18 × 3.18 ሲሰላ ወደ 31.8 ካሬ ሜትር ይደርሳል። እንግዲህ በአንድ ዓይነት እንጨትና በአንድ ዓይነት ጭቃ ወደ 7 ካሬ ሜትር የሚጠጋ ተጨማሪ ቦታ ተገኘ ማለት ነው። አያቶቻችን ይህን ስሌት በወረቀት አልጻፉትም፤ በገመድና በችካል ግን መሬት ላይ አስምረውታል።

ሥራውም የአንድ ሰው ብቻ አልነበረም። ጎረቤት በደቦ ተጠርቶ አንዱ ያቦካል፣ ሌላው ይመርጋል፣ ሌላው ሣር ያቀብላል። ባለቤቱ ጠላውንና ምግቡን ያቀርባል። በሚቀጥለው ጊዜ ደግሞ እሱ በተራው ይሄዳል። ስለዚህ የቤቱ ዋጋ በገንዘብ ሳይሆን በጉልበትና በጉርብትና ይከፈል ነበር።

ይህ ማለት የሣር ቤት እንከን የለውም ማለት አይደለም። ጢሱ ዓይንና ሳንባ ይጎዳል። መስኮት ስለሌለው ጨለማ ነው። ክዳኑ በእሳት በቀላሉ ይያያዛል። ቤቶች ተጠጋግተው በቆሙበት ካምፕ ውስጥ አንድ የሣር ጣሪያ ቢቃጠል መንደሩ በሙሉ አደጋ ላይ ይወድቃል። ቅርስን ማክበር ማለት ሁሉንም እንዳለ መገልበጥ አይደለም፤ ምክንያቱን አውቆ የሚጠቅመውን መውሰድ ነው።

ለ. ዶርዜ፤ ሰው ተሸክሞት የሚሄድ ቤት

በደቡብ ኢትዮጵያ ከአርባ ምንጭ ከተማ በላይ ባለው የጋሞ ተራራ ላይ የዶርዜ ሕዝብ ይኖራል። ዶርዜዎች በሽመና ጥበባቸው የታወቁ ናቸው። ቤታቸውንም የሚሠሩት እንደ ሸማኔ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። የተሰነጠቀ ቀርከሃ እንደ ቅርጫት እየተጠለፈ ከመሬት እስከ ጫፍ ይወጣል። አዲስ ቤት እስከ 12 ሜትር ከፍታ ሊኖረው ይችላል። ከላይ በቀርከሃ ቅርፊትና በእንሰት ቅጠል ይለበሳል። በሩ ወደ ውጭ ወጣ ብሎ ስለሚሠራ ከሩቅ ሲታይ የዝሆን ራስ ይመስላል።

በዚያ አገር የቤት ጠላት ምስጥ ነው። ምስጥ የቀርከሃውን እግር ይበላል። ዶርዜዎች ታዲያ ቤቱን አፍርሰው አይሠሩትም። የተበላውን የታችኛውን ክፍል ቆርጠው ይጥሉና ቤቱ ጥቂት ዝቅ ብሎ ይቀመጣል። በዚህ ዓይነት ቤቱ ከዓመት ወደ ዓመት እያጠረ አንድ ቤተሰብን ለብዙ አሠርት ዓመታት ያኖራል። ቦታ መለወጥ ቢያስፈልግ ደግሞ ብዙ ሰዎች ተሰብስበው ቤቱን እንዳለ አንሥተው ወደ አዲሱ ቦታ ይወስዱታል።

ከዚህ የምንማረው ትልቅ ነገር አለ። ጥሩ ቤት ማለት ፈጽሞ የማይጎዳ ቤት ማለት አይደለም። ከየት በኩል እንደሚጎዳ አስቀድሞ የታወቀና ጥገናው የታሰበበት ቤት ነው።

ሐ. ኮንሶ፤ ድንጋይ አፈርን ሲጠብቅ

ስለ ቤት ስንናገር ግቢውንና በዙሪያው ያለውን መሬት መርሳት የለብንም። ለዚህ ከሁሉ የበለጠው ምሳሌ ኮንሶ ነው። የኮንሶ አገር ደረቅና ድንጋያማ ነው። ዝናቡ ጥቂት ሲሆን ሲመጣ ግን በኃይል ይወርዳል። ሕዝቡ ተራራውን ከታች እስከ ላይ በድንጋይ እርከን ሸንሽኖታል። ድንጋዩ ያለ ሲሚንቶና ያለ ጭቃ አንዱ በሌላው ላይ ተደርድሮ የተሠራ ነው። አንዳንዱ እርከን እስከ 5 ሜትር ከፍታ አለው።

እርከኑ ሦስት ሥራ ይሠራል። አንደኛ፣ አፈሩ በጎርፍ እንዳይሄድ ይይዛል። ሁለተኛ፣ የዝናቡ ውሃ ወደ መሬት እንዲሰርግ ጊዜ ይሰጣል። ሦስተኛ፣ ትርፉ ውሃ በመውረጃ በኩል ቀስ ብሎ እንዲወጣ ያደርጋል። በእርከኑ ላይ ማሽላ ይዘራል፤ በየግቢውና በየማሳው ሽፈራው ይተከላል። የሽፈራው ቅጠል ዝናብ በጠፋበት ጊዜ እንኳ ለምግብ ይሆናል።

የኮንሶ ከተሞችም በኮረብታ ላይ የተሠሩና በድንጋይ ካብ የታጠሩ ናቸው። በየመንደሩ ሞራ የሚባል የጋራ ቤትና አደባባይ አለ። ሽማግሌዎች ይሸመግሉበታል፤ ወጣቶች ያድሩበታል። አዲስ ትውልድ ኃላፊነት ሲረከብ በአደባባዩ ላይ ምሰሶ ይተከላል። እነዚህን በመቁጠር የትውልዱን ብዛት ማወቅ ይቻላል፤ 21 ትውልድ ወይም ከ400 ዓመት በላይ እንደሆነ ይገመታል። ዩኔስኮ የኮንሶን ባህላዊ መልክዓ ምድር በ2011 በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል።

ልብ በሉ፤ የተመዘገበው አንድ ሐውልት ወይም አንድ ቤተ መንግሥት አይደለም። ገበሬዎች በየዓመቱ የሚጠግኑት ማሳ ነው። አንድ ትውልድ ጥገናውን ቢተው እርከኑ ይፈርሳል፤ አፈሩም ይሄዳል። ስለዚህ የኮንሶ ቅርስ ድንጋዩ ብቻ ሳይሆን ድንጋዩን መልሶ መካብ የሚያውቀው እጅ ነው።

መ. ዛፍና እምነት

በሰሜን ኢትዮጵያ ከፍ ካለ ቦታ ላይ ሆኖ የሚያይ ሰው የታረሰ መሬት መካከል እዚህም እዚያም ክብ ክብ ደን ያያል። በእያንዳንዱ ደን መካከል ቤተ ክርስቲያን አለ። ጽዱ፣ ወይራው፣ ዝግባውና ኮሶው የተረፉት የቤተ ክርስቲያን ግቢ ዛፍ መቁረጥ ነውርም ኃጢአትም ስለሆነ ነው። እነዚህ ደኖች ዛሬ ለአገር በቀል ዛፎች ዘር መሰብሰቢያ ሆነዋል። የድንጋይ ካብ ሲከበቡ ከብት ስለማይገባባቸው ችግኙ ከሥር ያድጋል።

በጌዴኦም እንዲሁ ነው። ገበሬው ትልልቆቹን አገር በቀል ዛፎች ሳይቆርጥ ከሥራቸው እንሰት፣ ከእንሰቱ ጋር ቡና ይተክላል። ዛፉ ለቡናው ጥላ፣ ለአፈሩ ቅጠል፣ ለሰው እንጨት ይሰጣል። በእምነት የተከለሉ ጥብቅ ደኖችም አሉ። የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በ2023 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል።

በሐረር ደግሞ ሌላ ጥበብ እናያለን። ጁገል በሚባለው ግንብ ውስጥ ያለችው አሮጌ ከተማ በ2006 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበች ናት። መንገዶቿ ጠባብ ናቸው። ከሁለት ወገን ያሉት የግቢ ግንቦች ለመተላለፊያው ጥላ ይሰጣሉ። ከግንቡ በስተጀርባ ቤቶቹ በጋራ ግቢ ዙሪያ ተሰብስበዋል። በቤቱ ውስጥ ነደባ የሚባሉ ከፍና ዝቅ ያሉ መቀመጫዎች ስላሉ እያንዳንዱ ሰው እንደ ዕድሜውና እንደ ክብሩ ቦታውን ያውቃል።

ይሁንና ዛፍ ሁሉ አንድ አይደለም። አዲስ አበባ የማገዶ እንጨት አጥታ ልትለቀቅ በተቃረበችበት ጊዜ ከውጭ የመጣው ባሕር ዛፍ ከተማዋን አተረፋት። ነገር ግን ባሕር ዛፍ ውሃ በብዛት ስለሚጠጣ በሥሩ ሌላ ተክል በደንብ አይበቅልም። እዚህም ኬንያውያን ማቴንጌ የሚሉት እሾሃም ዛፍ አለ። ለጥላና ለማገዶ የመጣ እንግዳ ዛፍ ነበር፤ አሁን ግን የግጦሹን መሬት እየወረረ ነው። አጥርና ማገዶ ካስፈለገ ከግራሩ ይልቅ ማቴንጌውን መጠቀም ይሻላል።

ሠ. ሁለት አርክቴክቶች፣ ሁለት ትምህርቶች

አርክቴክት ማለት የሕንፃን ፕላን የሚያወጣ ባለሙያ ነው። ከአፍሪካ ሁለቱን እንመልከት።

የመጀመሪያው ግብፃዊው ሐሰን ፋቲ ነው። በ1940ዎቹ የግብፅ መንግሥት በሉክሶር አጠገብ በጥንት መቃብሮች ላይ የሰፈሩትን የጉርና መንደር ሰዎች ወደ ሌላ ቦታ ለማዛወር ፈለገ። ሐሰን ፋቲ አዲሱን መንደር በጭቃ ጡብ ሠራው። ከኑቢያ ግንበኞችን አምጥቶ ያለ እንጨት ድጋፍ ጣሪያውን በቅስትና በጉልላት አስገነባ። ቤቶቹ ርካሽ፣ ቀዝቃዛና ያማሩ ነበሩ። ሆኖም አብዛኛዎቹ መንደርተኞች ሊገቡባቸው አልፈቀዱም። ኑሯቸው ከአሮጌው መንደር ጋር የተያያዘ ነበር፤ መዛወሩንም አልመረጡትም። ጉልላት ጣሪያ ለመቃብር እንጂ ለመኖሪያ አይሆንም ያሉም እንደነበሩ ይነገራል። ሥራው ሳይጠናቀቅ ተቋረጠ።

ሁለተኛው ዲየቤዶ ፍራንሲስ ኬሬ ነው። በ1965 በቡርኪና ፋሶ ጋንዶ በምትባል መንደር ተወለደ። መንደሩ ትምህርት ቤት ስላልነበረው በሰባት ዓመቱ ከቤተሰቡ ተለይቶ ወደ ሌላ ከተማ ሄደ። ኋላም አናጢነት ለመማር ወደ ጀርመን ተላከ፤ እዚያም አርክቴክቸር ተማረ። ገና ተማሪ ሳለ ገንዘብ አሰባስቦ ለመንደሩ ትምህርት ቤት ሠራ፤ በ2001 ተጠናቀቀ። ሰዎቹ የጭቃ ቤት በዝናብ ሲፈርስ ስለሚያውቁ መጀመሪያ ተጠራጥረው ነበር። ኬሬ ግን ጭቃውን ከጥቂት ሲሚንቶ ጋር አዋሕዶ ጡብ ሠራ። ልጆች ለመሠረቱ ድንጋይ አመጡ፤ ሴቶች ውሃ አመላለሱ።

የጣሪያውን አሠራር በተለይ አስተውሉ። ኬሬ ቆርቆሮውን አልጣለውም። ከክፍሉ በላይ የጡብ ኮርኒስ አበጅቶ ቀዳዳ ተወለት። ቆርቆሮውን ከኮርኒሱ ከፍ አድርጎ በብረት ላይ አስቀመጠው፤ ከግድግዳውም አልፎ እንዲወጣ አደረገው። በሁለቱ መካከል ነፋስ ስለሚያልፍ የቆርቆሮው ሙቀት ወደ ክፍሉ አይወርድም፤ በክፍሉ ያለው የሞቀ አየርም በቀዳዳው ይወጣል። የወጣው ጣሪያ ደግሞ ግድግዳውን ከዝናብ ይከልላል። ይህ ትምህርት ቤት በ2004 የአጋ ካን ሽልማትን አገኘ። ኬሬም በ2022 በሙያው ከፍተኛ የሆነውን የፕሪትዝከር ሽልማት ሲቀበል ከአፍሪካ የመጀመሪያው ሆነ።

ሥራው እዚሁ ቱርካናም አለ። በ2021 በቱርካና ሐይቅ ዳርቻ የሠራው የወጣቶች ማሠልጠኛ ረጃጅም የአየር መውጫ ማማዎች አሉት። ሐሳቡን የወሰደው በአካባቢው ከሚታየው የምስጥ ኩይሳ ነው። የሞቀ አየር በማማው ወደ ላይ ይወጣል፤ ቀዝቀዝ ያለው በታች ባለው ቀዳዳ ይገባል።

ሁለቱም አርክቴክቶች ጭቃን አክብረዋል። ልዩነቱ የት ላይ ነው? ጉርና ለሰዎች ተሠራላቸው፤ ጋንዶ ግን ከሰዎች ጋር ተሠራ። ስደተኛ የሆነ ሰው ይህን ልዩነት ከማንም በላይ ያውቀዋል።

ረ. የጎረቤቶቻችን ቤት

የምንኖረው በቱርካናዎች አገር ላይ ነው። የቱርካና ቤት የሚሠራው በሴቶች ነው። ቀጫጭን እንጨቶች ጎንበስ ተደርገው በክብ ይታሰሩና በዘንባባ ዝንጣፊ ይሸፈናሉ፤ አንዳንዴም ቆዳ ይደረብባቸዋል። ዝንጣፊው ፀሐይን ይከለክላል፤ ነፋስን ግን ያሳልፋል። ለከብት ግጦሽ ሲባል መንቀሳቀስ ሲያስፈልግ ለመተው ወይም ለመውሰድ ቀላል ነው። ይህን ቤት «ጎጆ ብቻ» ብሎ የሚንቅ ሰው የሙቀትን ጠባይ ያላጠና ሰው ነው።

ዛፉም የእነሱ ሀብት ነው። ግራር ለፍየላቸው መኖ፣ ለሽማግሌዎቻቸው የመሰብሰቢያ ጥላ ነው። አንድ ግራር ሲቆረጥ በሁለቱ ሕዝቦች መካከል ጠብ ይነሣል። የሰው አገር ዛፍ መጠበቅ የእንግዳ ወግ ነው።

ሰ. በቤታችንና በግቢያችን ምን ልናደርግ እንችላለን?

1. የምዕራቡን ግድግዳ ማስጠለል። ከሰዓት በኋላ ያለችው ፀሐይ የምትመታው የምዕራቡን ግድግዳ ነው። ዳስ ወይም ዛፍ የሚያስፈልገው በዚያ በኩል ነው።

2. ከቆርቆሮው በታች ኮርኒስ ማድረግ። ከጆንያ ወይም ከሰሌን ሊሠራ ይችላል። በኮርኒሱና በቆርቆሮው መካከል ክፍተት ይኑር፤ ከሁለቱም ጫፍ አየር ይለፍበት። ከምድጃ በላይ ግን ፈጽሞ አይደረግ፤ እሳት ይያዛል።

3. ግድግዳውን በሁለት ዙር መምረግ። የመጀመሪያው ምርግ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ሁለተኛው ቀጭን ምርግ ስንጥቁን ይደፍናል። የጤፍ ጭድ በሌለበት ደረቅ ሣር ተከትክቶ ይጨመር። የግድግዳው እግር በድንጋይ ከፍ ይበል፤ ዙሪያውን የውሃ መውረጃ ቦይ ይቆፈር።

4. የጡብ ጉድጓድ መድፈን። ለጡብ ተብሎ አፈር የወጣበት ጉድጓድ ክፍት ከተተወ በዝናብ ጊዜ ይሞላል። ሕፃናት ሊሰጥሙበት ይችላሉ፤ ትንኝም ይራባበታል። ጡብ ሠርቶ የጨረሰ ሰው ጉድጓዱን ደፍኖ ካልሆነ ሥራው አልተጠናቀቀም።

5. በዕቃ እጣቢ ውሃ አንድ ዛፍ ማሳደግ። በችግኙ ዙሪያ እንደ ሣህን ጎድጎድ ያለ ቦታ ይበጅ፤ በደረቅ ሣር ይሸፈን። ብዙ ሳሙና ያለበት ውሃ ለትንሽ ችግኝ አይስማማም። ውሃው ተኝቶ መዋል የለበትም። አጥሩን በማቴንጌ እሾህ አጥብቃችሁ እጠሩ፤ ፍየል አይምርምና።

ከዚህ የሚበልጠው የደቦ ሥራ ነው። አንድ ቤተሰብ ብቻውን አንድ ቦይ ቢቆፍር ውሃው ወደ ጎረቤት ይገባል። አሥር ቤተሰብ ተነጋግሮ ቢቆፍር ግን ውሃው ለሁሉም መውጫ ያገኛል።

አዳዲስ ቃላት

ማገር፤ ቋሚ እንጨቶችን አግድም የሚያያዝ ቀጭን እንጨት።
ልጥ፤ ለማሰሪያ የሚያገለግል የዛፍ ቅርፊት።
ምርግ፤ በግድግዳ ላይ የሚለጠፍ የቦካ ጭቃ።
ሰንበሌጥ፤ ለጣሪያ ክዳን የሚሆን ረጅም ሣር።
እርከን፤ አፈርና ውሃ ለመያዝ በተዳፋት ላይ የሚሠራ ደረጃ።
ካብ፤ ያለ ማያያዣ የተደረደረ ድንጋይ።
ኩይሳ፤ ምስጥ የሚሠራው የአፈር ቁልል።

የመልመጃ ጥያቄዎች

1. የ24 ሜትር ግድግዳ በካሬና በክብ ቢሠራ የየትኛው ስፋት ይበልጣል? በስንት?
2. የዶርዜ ቤት በምስጥ ሲበላ ምን ይደረጋል?
3. የኮንሶ እርከን የሚሠራቸውን ሦስት ሥራዎች ዘርዝሩ።
4. የጉርና ሰዎች ጥሩ ቤት ተሠርቶላቸው ለምን አልገቡበትም? በጋንዶ ምን የተለየ ነገር ተደረገ?
5. የጋንዶ ትምህርት ቤት ጣሪያ ክፍሉን እንዴት ያቀዘቅዘዋል? በሥዕል አስረዱ።

የቤት ሥራ

እያንዳንዱ ተማሪ እናቱን ወይም አባቱን፣ ካልሆነም የሰፈሩን አንድ ሽማግሌ ወይም አንዲት እናት ይጠይቅ። ያደጉበት ቤት ምን ዓይነት ነበር? በሩ ወዴት ይዞር ነበር? ማን ሠራው? ከምን? ግቢው ውስጥ ምን ዛፍ ነበር? የነገሩትን ቤት ይሣልና የየክፍሉን ስም ይጻፍበት። ወላጆቹ ኦሮምኛ፣ ትግርኛ፣ ሶማልኛ ወይም ሌላ ቋንቋ የሚናገሩ ከሆነ ስሙን በሁለቱም ቋንቋ ይጻፍ። ሥዕሎቹ በክፍል ግድግዳ ላይ ይለጠፋሉ።

የተከበራችሁ ወላጆች፤ ልጃችሁ ደብተር ይዞ ሲመጣ «ያ ጊዜ አለፈ» ብላችሁ አትመልሱት። አንዳንዱ ልጅ ነገ ወደ አገሩ ይመለሳል፤ አንዳንዱ ወደ ሩቅ አገር ይሄዳል፤ አንዳንዱም እዚሁ ይቆያል። የትም ይሁን የት ቤት መሥራቱ አይቀርም። ሲሠራ ከማን እንደተማረ የሚያስታውሰው ነገር ዛሬ ማታ እናንተ የምትነግሩት ነው።